የበዓል ጠላ ሊቆይ ይገባዋልን?

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል 16 ቀን ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ደግሞ 12 ቀን ነው፤ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ 13 ቀን ይሆናል። በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ውስጥ በየከተማው በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለመጀመሪያው በዓል የተጠመቀው ጠላ ተርፏል፤ ሁለተኛው በዓል እየቀረበ ነው፤ እህሉ፣ ጌሾውና ማገዶው ገንዘብ የወጣባቸው ናቸው፤ የጠማቂዋም ድካም ቀላል አይደለም። እንግዲህ የተረፈው ጠላ ለሚመጣው በዓል ይቆይ ወይስ ይደፋ? ቢቆይስ የሚጠጣውን ሰው ይጎዳዋልን?

ይህን ጥያቄ እንደ ተራ ነገር አንመለከተውም። ከበዓል ማግሥት ሆዱን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በሥጋው ወይም በቅቤው ያሳብባል፤ መጠጡ በምን ውሃ እንደ ቀጠነ፣ በምን ዕቃ እንደ ተቀመጠና ስንት ቀን እንዳደረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የበዓል ጠላና ጠጅ ሊቆዩ የሚገባቸው መቼ እንደ ሆነ፣ የሚቆዩትም እንዴት እንደ ሆነ እንገልጻለን።

መልሱ ባጭሩ

መልሳችንን አስቀድመን እንናገራለን፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እንዘረዝራለን። ውሃ ተጨምሮበት የቀጠነና የተጠለለ ጠላ ከበዓል እስከ በዓል ሊቆይ አይገባውም። ማቅጠኛው ውሃ ያልገባበት ወፍራም ድፍድፍ ግን በንጹሕ ጋን ተከድኖ ሊቆይ ይችላል። በደንብ የተጣለ ጠጅም ከጠላ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይታገሣል። ስለዚህ ብልኅ የሆነች ባለቤት የምታቆየው ጠላውን ሳይሆን ድፍድፉን ነው፤ ውሃውን የምትጨምረውም በዓሉ ሲደርስ ለእንግዶቿ በሚበቃ መጠን ብቻ ነው።

በጋኑ ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

የጠላ አጠማመቅ እንደ አገሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ይመረጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስም ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተነክሮ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ብቅል ይጨመርበታል፤ ይህም ጥንስስ ይባላል። በጥንስሱ ላይ እንኩሮ ወይም ቂጣ፣ ብቅልና ጌሾ ሲደረብበት ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ በውሃ ይቀጥናል፤ ረግቶ ሲጠራም ተጠልሎ ይጠጣል።

እናቶቻችን ይህን ሥራ በልምድ ያወቁት ሲሆን ምክንያቱን ሳይንስ ኋላ ገልጦታል። ብቅሉ በውስጡ ባለው ኀይል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እርሾ የሚባለው በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ደግሞ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ይሰጣል። ድፍድፉ የሚንተከተከውና አረፋ የሚያወጣው ስለዚህ ነው። ጌሾው በውስጡ ባለው መራራ ንጥረ ነገር ጠላውን ያጣፍጠዋል፤ በሌላው ዓለም ለቢራ መራራነትን የሚሰጠውን የሆፕ አበባ ቦታ በእኛ አገር የያዘው እርሱ ነው።

ዳሩ ግን በጋኑ ውስጥ የሚኖረው እርሾ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠጥ የሚበላሸው ከእርሾው ሌላ የሆኑ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሲገቡበት መሆኑን አስረድቷል። ከእነዚህም መካከል ሁለቱን ወገኖች ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ወገን እርጎን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ሲሆን አየር ሳይፈልግ ይሠራል። ሁለተኛው ወገን አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጥ ሲሆን ያለ አየር ሥራው አይሠምርለትም። ጋኑ ክፍት በቆየና ጣሳው በተመላለሰ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየር ሲገባም ይህ ሁለተኛው ወገን ይበረታል።

ጠላ እንደ ብርቱ ቢራ የማይቆየው ስለ ምንድን ነው?

ወደ ውጭ አገር ተጉዘው የተመለሱ አንዳንድ ሰዎች በአውሮፓ ለገና ሰሞን ቅመም እየገባበት የሚጠመቅ ብርቱ ቢራ እንዳለና ከዓመት ወደ ዓመት በጠርሙስ እንደሚቆይ ያወራሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «የእኛም ጠላ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» ማለት ስሕተት ነው። ያ መጠጥ የሚቆይባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ እያንዳንዱን ከጠላ ጋር እናመዛዝን።

አንደኛው ብርታቱ ነው። ሊቆይ የሚመረጠው ቢራ ብዙውን ጊዜ በ100 እጅ 8 ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ያለበት ነው። የቤት ጠላ ግን እንደ አጠማመቁ ቢለያይም በብዛት ከ2 እስከ 6 እጅ ነው። አልኮሉ ያነሰ መጠጥ ተሕዋስያንን የመቋቋም ኀይሉም ያነሰ ነው። ሁለተኛው አየር አለማግኘቱ ነው። ያ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስኪከፈት ድረስ ታሽጎ ይኖራል፤ የእኛ ጋን ግን በበዓል ቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው ከአተላው መለየቱ ነው። ያ ቢራ ፍላቱ አብቅቶ ከዝቃጩ ተለይቶ ይታሸጋል፤ ጠላ ግን ከአተላው ጋር እያለ መፍላቱን ይቀጥላል፤ ተጠልሎም ቢሆን በውስጡ ብዙ እርሾና ብዙ ሌላ ተሕዋሲ ይቀርበታል።

ከዚህም ጋር ለማቆየት በተመረጠው ብርቱ ቢራ እንኳ የቅመሙ መዓዛ ከጊዜ ጋር እየደከመ እንደሚሄድ ልናስታውስ ይገባል። የጌሾና የወይራ ጭስ ሽታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጠላን ማቆየት ብርታት ሳይሆን መኮምጠጥን ነው የሚያመጣው።

መኮምጠጥ ሌላ፣ መበከል ሌላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ብዙ ሰው ጠላውን በምላሱ ብቻ ይመረምረዋል፤ ከኮመጠጠ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ካልኮመጠጠ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይጠጣዋል። ይህ አስተያየት ከሁለቱም በኩል የተሳሳተ ነው።

መኮምጠጡ ብቻውን መርዝ አይደለም። ሰላጣ የምናጣፍጥበት ኮምጣጤ ከዚሁ ዓይነት ሥራ የተገኘ ነው። የኮመጠጠ ጠላ ጣዕሙ የከፋና ጨጓራን የሚያስቸግር ቢሆንም፣ ስለ ኮመጠጠ ብቻ በሽታ ያመጣል ማለት አይቻልም። በአንጻሩ ዛሬ የተጠለለ፣ ኩልል ያለና ጣዕሙ ያማረ ጠላ፣ የቀጠነበት ውሃ ከተበከለ ጉድጓድ ወይም ከወንዝ የተቀዳ የሆነ እንደ ሆነ፣ የኮሌራን፣ የአንጀት ተስቦን፣ የአሜባንና የሌላውንም የተቅማጥ በሽታ ዘር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ምላስ ይህን አያውቀውም፤ አፍንጫም አያሸተውም።

«አልኮሉ ይገድለው የለምን?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። አይገድለውም። እጅን ከተሕዋስያን ለማጽዳት የሚያገለግለው አልኮል በ100 እጅ ቢያንስ 60 መሆን አለበት፤ ጠላ ግን ከዚህ አንድ ዐሥረኛውን እንኳ እምብዛም አያልፍም። የጠላው ኮምጣጣነትም የብዙዎቹን ተሕዋስያን መራባት ቢገታ ሁሉንም ወዲያው አይገድልም።

በዚህ ነገር አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ በብሮድ ስትሪት ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው የሚመጣው ሕዝቡ ከሚቀዳበት ከአንድ የውሃ መዘውር መሆኑን መርምሮ አገኘ። በዚያው ሰፈር ከ70 በላይ ሠራተኞች የነበሩት አንድ የቢራ ፋብሪካ ነበረ፤ ከሠራተኞቹ ግን በኮሌራ የሞተ አልተገኘም። ሠራተኞቹ ቢራ ይሰጣቸው ስለ ነበረ ከመንገዱ መዘውር አይጠጡም ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው።

ከዚህ ታሪክ «ጠላም እንደዚያ ያድናል» ብሎ የሚደመድም ሰው ቢኖር አንድ ነገር ዘንግቷል። ቢራ ሲጠመቅ ውሃው ከነብቅሉ ጭማቂ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ ጥሬ ውሃ አይጨመርበትም። በጠላ ግን እንኩሮው በእሳት ያለፈ ቢሆንም በመጨረሻ የሚጨመረው ብዙው ውሃ ያልፈላ ጥሬ ውሃ ነው። እንግዲህ የጠላ ትልቁ አደጋ ያለው በመጨረሻው ውሃ ላይ ነው። ይህን አንድ በር የዘጋ ሰው ከአደጋው አብዛኛውን ዘግቷል።

ስለዚህ ድፍድፉ የሚቀጥንበት ውሃ አስቀድሞ መፍላት ይገባዋል። ውሃ በደጋ አገር በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለ ሆነም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያም በተከደነ ዕቃ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን መጨመር እርሾውን ይገድለዋል፤ ሳይከድኑ ማቀዝቀዝም ዝንብና አቧራ ይጋብዛል።

ድፍድፉ የሚቆየው እንዴት ነው?

ድፍድፍ ከቀጠነ ጠላ ይልቅ የሚቆይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማቅጠኛው ውሃ ስላልገባበት አልኮሉና ጌሾው አልሳሱም። ከፍላቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ በላዩ ተኝቶ እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። የጋኑ አፍ በምርጊት ከተመረገ ደግሞ የውጭ አየር በቀላሉ አይገባም። አያቶቻችን ጋን የሚመርጉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ለገናም ለጥምቀትም ጠላ የሚያስፈልገው ቤት ሥራውን እንዲህ ቢያደርግ ይሻላል።

1. አንድ ትልቅ ጋን በመጥመቅ ፈንታ ድፍድፉን በሁለት መካከለኛ ዕቃ ይክፈሉት። አንዱ ለገና ይቀጥናል፤ ሁለተኛው እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ አይነካም።

2. ዕቃው አስቀድሞ በሚገባ ይታጠብ። ግራዋና የወይራ ጭስ መልካም ልማድ ናቸው፤ ነገር ግን አሮጌው አተላ ተፈግፍጎ ሳይወጣ ጭስ ብቻ ቢደረግበት አይጸዳም። አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይፈግፈግ፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ ይታጠን።

3. ድፍድፉ አጥብቆ በሚፈላበት ጊዜ አፉ ጨርሶ አይደፈን። ፍላቱ እስኪበርድ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይና በኋላ ይመረግ። ዕቃው ፕላስቲክ በርሜል የሆነ እንደ ሆነ እንደ ሸክላ ጋን አየር አያሳልፍምና አየሩ እንዲወጣ ክዳኑን በየጊዜው ላላ ማድረግ ያስፈልጋል።

4. ዕቃው ፀሐይና ምድጃ በማያገኙት ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ። ሙቀት በበዛ ቁጥር መኮምጠጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የደጋ ጠማቂ የምታቆየውን ያህል የቆላ ጠማቂ ልታቆይ አትችልም።

5. በዓሉ 2 ወይም 3 ቀን ሲቀረው ይከፈት። በላዩ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ የታየበት ድፍድፍ፣ ላዩን ገፎ ታቹን መጠቀም የለም፤ ሁሉም ይደፋ። ሻጋታ የሌለውና ሽታው መልካም የሆነው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይቅጠን።

6. ከተጠለለ በኋላ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይጠጣ። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት በዚያ ቢያስቀምጠው መኮምጠጡ ይዘገያል፤ ፈጽሞ ግን አይቆምም።

7. መቅጃው ዕቃ አንድ ይሁን፤ እርሱም ለመቅጃ ብቻ ያገልግል። የጠጡበትን ጣሳ መልሶ በጋኑ ውስጥ መንከር የአንዱን ሰው በሽታ ለሁሉ ማካፈል ነው።

ስለ ብቅሉም አንድ ቃል እንጨምር። ብቅል እህሉ ከተነከረ በኋላ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ የሚበቅል ስለ ሆነ እርጥበት አለው፤ በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ሳይደርቅ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሰጣል። ይህ መርዝ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉት ወፎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ተመግበው ባለቁ ጊዜ ነው። መርዙን መቁላትም ማፍላትም ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚሆነው ብቅል ክረምቱ ሳይከብድ በፊት ተዘጋጅቶ በደንብ ደርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። «ለጠላ ነው እንጂ ለእንጀራ አይደለም» በማለት የሻገተ እህል ለጠላ መመደብ ከቶ አይገባም።

ጠጅን ስለ ማቆየት

ጠጅ ከጠላ ልዩ የሆነበት ምክንያት ማሩ ነው። በብዙ ቤት አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ስኳሩ ብዙ ስለ ሆነም የሚገኘው አልኮል ይበዛል፤ በብዛት ከ7 እስከ 11 እጅ ይደርሳል። ስለዚህ በንጹሕ ዕቃ የተጣለ፣ ጌሾው በጊዜው የወጣለትና ከዝቃጩ የተለየ ጠጅ ብዙ ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል። የእንቁጣጣሽን ጠጅ ለመስቀል ማቆየት የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ፣ ዕቃው እስከ አፉ የተሞላ ይሁን። ከትልቅ ዕቃ ግማሹ ተቀድቶ ግማሹ ሲቀር ባዶው ቦታ አየር ስለሚይዝ ጠጁ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። የተረፈውን ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጦ መሙላት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ፍላቱ ሳያበቃ በጠርሙስ አይታሸግ። ጠጁ ጣፋጭ ሆኖ በውስጡ እርሾ ካለ መፍላቱ አልቆመም፤ አየሩም መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። የጠርሙስ ስባሪ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። በተለይ ለዘመድ ለመላክ ሲባል ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ በመኪና ሙቀት ውስጥ ማስቀመጥ እጅግ አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ የቆየ ጠጅ ጣፋጭነቱ ሲቀንስ ብርታቱ ይጨምራል። እንግዳው እንደ ለመደው በብርሌ ቆጥሮ ቢጠጣ ከለመደው የበለጠ አልኮል ወስዷል። ስለዚህ ባለቤቱ ጠጁ የቆየ መሆኑን ለእንግዶቹ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ መኪና ለሚነዳው ሰው ግን ትኩሱም የቆየውም ሊቀርብለት አይገባም።

ስለ ማስቀመጫው ዕቃ

የኮመጠጠ መጠጥ ብረትን ይበላል። በዚንክ በተለበጠ ባልዲ ወይም በርሜል ጠላ ያስቀመጠ ሰው ዚንኩ ወደ መጠጡ ስለሚገባ ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ሊያመጣ እንደሚችል ይወቅ። ቀድሞ ነዳጅ፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም፤ መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። የሚሻለው የሸክላ ጋን፣ የመስታወት ዕቃ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። የተሰነጠቀ ጋንም በስንጥቁ ውስጥ አሮጌ አተላ ስለሚይዝ አዲሱን ድፍድፍ ያኮመጥጠዋል።

የተረፈውን ማን ይጠጣዋል?

አሁን ደግሞ ብዙ የማይነገርለትን ነገር እንናገራለን። በብዙ ቤት የበዓሉ ጠላ መኮምጠጥ ሲጀምር ለእንግዳ አይቀርብም፤ አይደፋምም። ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለዘበኛው፣ እንጨት ለሚፈልጠውና በር ላይ ለቆመው ነዳይ ይሰጣል። ሰጪው ቸርነት ያደረገ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ጠላ ብዙ እጅ የተመላለሰበትና ብዙ ጣሳ የተነከረበት ነው፤ የሚጠጣውም ሰው ብዙ ጊዜ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚሄድበት ገንዘብ የሌለው ነው። ስለዚህ ደንባችን አንድ ይሁን፦ የቤቱ ባለቤት በማዕዱ ላይ ለራሱ የማያስቀምጠውን ጠላ ለማንም አይስጥ።

ቅራሪም እንዲሁ ነው። ከድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ቀላል ስለ ሆነ «ለልጆች አይከብድም» ይባላል። ዳሩ ግን ቀላል ማለት አልኮል የለበትም ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ውሃም ብዙ ጊዜ ጥሬ ውሃ ነው። የልጅ ሰውነት ትንሽ ስለ ሆነ ጥቂት አልኮል ይበዛበታል፤ ተቅማጥም ፈጥኖ ይጎዳዋል። እርጉዝ ሴትም ከአልኮል ሁሉ ልትርቅ ይገባታል፤ ለጽንሱ የማይጎዳ ተብሎ የታወቀ መጠን የለምና። ለልጆች ብርዝ ማቅረብ የሚወድ ሰው ማሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በዚያው ቀን በጥብጦ ይስጥ፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በማናቸውም መልክ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ተሕዋሲ በሕፃኑ አንጀት በቅሎ ሰውነትን የሚያዝል ከባድ በሽታ ያመጣበታልና።

የኮመጠጠውን ጠላ ስኳር ጨምረው ለማጣፈጥ የሚሞክሩም አሉ። ስኳሩ ኮምጣጣውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለተሕዋስያኑም አዲስ ምግብ ይሆናቸዋል። የሚሻለው ከመጀመሪያው መጠኑን አስቦ መጥመቅ ነው። ለ20 እንግዳ የሚበቃውን አውቆ ያን ብቻ ያቀጠነ ሰው እህልም አይባክንበትም፤ ሰውም አይታመምበትም።

በክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን

ይህን ትምህርት ለተማሪዎች ማስረዳት የሚፈልጉ መምህራን ጠላም ጠጅም ወደ ክፍል ማምጣት አያስፈልጋቸውም። ሁለት ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ያዘጋጁ። በሁለቱም እኩል ለብ ያለ ውሃና ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ያድርጉ። በአንዱ ብቻ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይጨምሩ። የሁለቱንም አፍ በፊኛ ይሸፍኑ። ጥቂት ቆይቶ እርሾ ያለበት ፊኛ ሲነፋ ሁለተኛው እንደ ወደቀ ይቀራል። ተማሪዎቹ በዚህ ፍላት ሕይወት ያለው ነገር ሥራ መሆኑን፣ የታሸገ ጠርሙስም ለምን እንደሚፈነዳ በዓይናቸው ያያሉ። ፈሳሹን ማንም እንዳይቀምሰው ጥንቃቄ ይደረግ።

ከዚያም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይጠይቋቸው።

1. ከቀጠነ ጠላና ከድፍድፍ የትኛው ይቆያል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ጣዕሙ ያማረ ጠላ በሽታ ሊያመጣ የሚችለው እንዴት ነው?
3. በእናንተ ከተማ ውሃ ከፈላ በኋላ ስንት ደቂቃ መቆየት ይገባዋል?
4. በ1854 የሎንዶን የቢራ ሠራተኞች ከኮሌራ የዳኑት ስለ ምንድን ነው? የእኛስ ጠላ ከዚያ ቢራ በምን ይለያል?
5. በቤታችሁ መጠጥ የሚቀመጥበት ዕቃ ከምን የተሠራ ነው? ቀድሞስ ምን ነበረበት?

የመጨረሻውን ጥያቄ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ይዘው ሄደው ከእናቶቻቸው ጋር ቢመልሱት ይበልጥ ይጠቅማል። ጠላ መጥመቅ የእናቶች ጥበብ ነው፤ እኛም ይህን ጥበብ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ጋኑን የሚያጥኑበት፣ አፉንም የሚመርጉበት ልማድ ትክክል መሆኑን ሳይንስ መስክሮለታል። በዚህ መልካም ልማድ ላይ የምንጨምረው ጥቂት ነው፦ የመጨረሻው ውሃ ይፍላ፤ የሚቆየው ድፍድፉ ይሁን፤ የተጠለለው በጊዜው ይጠጣ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፣ በሚመጣው በዓል ጋኑ ከመከፈቱ በፊት የውሃው ድስት እሳት ላይ ይጣድ።